የበልግ ድንች መቼ ይተከል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥምቀት አልፎ ሰማዩ ደመና መያዝ ሲጀምር በደጋውና በወይና ደጋው ድንች የሚያለማ ሁሉ ዘሩን መቼ መሬት እንደሚያስገባ ማሰላሰል ይጀምራል። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በዋናነት የበልግን ዝናብ ጠብቀው ድንች የሚተክሉ አካባቢዎችን፣ ማለትም የሰሜን ሸዋን፣ የወሎን፣ የአርሲን፣ የባሌን፣ የጉራጌን፣ የሲዳማንና የጋሞን ደጋማ ቦታዎች የሚመለከቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር ወራቱና ቀናቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የበልግ ድንች በየትኛው ወር ነው የሚተከለው?

በአብዛኛው ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ዝናቡ ቀደም ብሎ ስለሚገባና ስለሚበረክት ተከላውም ቀደም ይላል፤ በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ ግን የበልግ ዝናብ ዘግይቶ ሊጀምር፣ በመካከሉ ሊቋረጥ ወይም በ2007 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ አካባቢዎች እንደታየው ከናካቴው ሊከዳ ይችላል። በጎጃምና በአዊ የበልጉና የክረምቱ ዝናብ ተለይተው ስለማይታዩ በዚያ ቀድሞ የሚተከለው ድንች ብዙውን ጊዜ የመስኖ ድጋፍ ይፈልጋል።

ቀኑን ለማጥበብ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር ይጠቅማል። ድንች እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ቅዝቃዜ ከ90 እስከ 120 ቀናት ውስጥ ይደርሳል፤ በከፍተኛ ደጋ ከዚህም ሊዘገይ ይችላል። የካቲት 15 የተተከለና 110 ቀን የሚፈልግ ድንች ሰኔ 5 ላይ ይደርሳል፤ ይህም በብዙ የበልግ አካባቢዎች የበልጉ ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይጠነክር በፊት ያለው ደረቅ ጊዜ ስለሆነ ለመቆፈር የተመቸ ነው። ያው ድንች መጋቢት 20 ቢተከል የሚደርሰው ሐምሌ 10 ነው። በዚያን ጊዜ መሬቱ ጭቃ፣ ቅጠሉ በበሽታ የተያዘ፣ መንገዱም መኪና የማያስገባ ሊሆን ይችላል። ከመቆፈሩ ከ10 እስከ 14 ቀናት አስቀድሞ ግንዱን አጭዶ ቆዳው እንዲጠነክር መተው ስለሚገባ እነዚህም ቀናት በስሌቱ ውስጥ መግባት አለባቸው።

የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ልትከል ወይስ ልጠብቅ?

አንድ ቀን ዶፍ ስለጣለ በልግ ገባ ማለት አይቻልም። በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ የሚጥለው ዝናብ ብዙ ጊዜ አፈሩን ከላይ አርሶ ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ይጠፋል። የአየር ጠባይ አጥኚዎች የዝናብን መግቢያ ሲለዩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መለኪያ በተከታታይ 3 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ መጣሉንና በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ ከ10 ቀን ያላነሰ ደረቅ ጊዜ አለመከሰቱን ይመለከታል። የመለኪያው ሁለተኛ ክፍል ያለፈውን ዓመት ለማጥናት እንጂ የዛሬውን ውሳኔ ለመስጠት ብዙም አይረዳም፤ ዛሬ ማሳው ላይ የቆመ ሰው የሚቀጥሉትን 30 ቀናት ሊያይ አይችልምና።

ሆኖም ከጥራጥሬና ከብርዕ ሰብሎች ይልቅ ድንች አንድ ብልጫ አለው። የተተከለው ድንች በራሱ ውስጥ ውሃና ምግብ ስለያዘ እስኪበቅል ድረስ ያለውን የመጀመሪያ ደረቅ ጊዜ ከገብስና ከጤፍ ዘር በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል። የውሃ እጥረት እጅግ የሚጎዳው ከተተከለ አምስት ሳምንት ገደማ ጀምሮ አዲሶቹ ድንቾች በሚቋጠሩበትና በሚያብጡበት ወቅት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ከነገ ወዲያ ይዘንባል ወይ?» ከሚለው ይልቅ «ዛሬ ብተክል ድንቹ የሚቋጠርበት ጊዜ በበልጉ ብርቱ ዝናብ ላይ ይውላል ወይ?» ቢባል ይሻላል። በብዙ አካባቢዎች የበልግ ዝናብ የሚበረታው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ በየካቲት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተተከለ ድንች መጋቢት አጋማሽ ላይ መቋጠር ስለሚጀምር ዝናቡን በትክክለኛው ጊዜ ያገኘዋል። ወደ መጋቢት መጨረሻ የተገፋ ተከላ ግን ሲያብጥ ግንቦት ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ሊቆም ይችላል።

እርጥበቱ በቂ መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?

ዶማ ይዞ ማሳው መካከል ገብቶ መቆፈር ነው። ድንቹ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ስለሚቀመጥ እርጥበቱ ከዚያ በታች፣ ቢያንስ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር መዝለቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከጉድጓዱ ግርጌ አንድ እፍኝ አፈር አንስተው ይጨብጡት፤ መዳፍዎን ሲከፍቱ ሳይበተን እንደ ድቡልቡል ቢቆይና በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ቢፈረካከስ ለመትከል ደርሷል። ተጨብጦ እንደ ዱቄት ከተበተነ ገና ነው፤ በጣቶችዎ መካከል እየተሙለጨለጨ ከወጣ ወይም እጅ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ አልፏል፤ ሁለት ሦስት ፀሐያማ ቀን ይጠብቁ። ሙከራውን በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በማሳው ራስጌ፣ በመካከሉና በረባዳው በኩል ማድረግ ይገባል፤ ቁልቁለት ላይ ያለ ማሳ እርጥበቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይሆንም።

ቀይ አፈርና ዋልካ አፈር አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጣቸውም። ቀይ አፈር ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ስለዚህ ከጥሩ ዝናብ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ መትከል ያስፈልጋል። ዋልካው ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ሲጠግብ ውሃ ያቁራል፤ ጎንቁሉ ያልጠነከረ ዘር በቀዝቃዛና ውሃ ባቆረ ዋልካ ውስጥ ሳይበቅል ይበሰብሳል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ከፍ ያለ መደብ አበጅቶ በመደቡ ላይ መትከል ቀኑን ከማዘግየት የተሻለ መፍትሔ ነው።

ዝናቡ ገብቷል፤ ዘሬ ግን ገና አልጎነቆለም። ዝም ብዬ ልትከለው?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ ዋነኛው ነው ማለት ይቻላል፤ የበልግ ተከላ ቀን በአብዛኛው የሚወሰነው በየካቲት ሰማይ ሳይሆን በጥቅምት በተመረጠው ዘር ነውና።

ድንች ከተቆፈረ በኋላ እንቅልፍ አለው። በዚህ የዕረፍት ጊዜ ውስጥ ምንም ዓይነት እርጥበትና ሙቀት ቢያገኝ አይጎነቁልም። ርዝመቱ እንደ ዝርያውና እንደ ማስቀመጫው ሙቀት ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። በክረምት ተመርቶ በጥቅምት የተቆፈረ ድንች እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ወይም እስከ ጥር መጀመሪያ አርፎ ከእንቅልፉ ይነቃል፤ በጥር ውስጥ ጎንቁሉ ይጠነክራል፤ የካቲት ሲገባ ለመትከል የተዘጋጀ ይሆናል። በታኅሣሥ መጨረሻ ከመስኖ ማሳ ተቆፍሮ ገበያ ላይ የቀረበ ድንች ግን የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን የካቲት ላይ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። ሻጩ «የዘንድሮ ነው፣ ትኩስ ነው» ሲል ለወጥ የሚስማማው ነገር ለዘር ጉዳት መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ስለዚህ ዘር ሲገዙ ከዋጋው አስቀድመው «መቼ ተቆፈረ?» ብለው ይጠይቁ።

ያልጎነቆለ ዘር ቢተከል ምን ይሆናል? አንዳንዱ በሦስት ሳምንት፣ አንዳንዱ በስድስት ሳምንት ይበቅላል፤ የተቀረውም ይበሰብሳል። ማሳው ወጥነት ስለማይኖረው አፈር ማስታቀፉም፣ ኬሚካል መርጨቱም፣ መቆፈሩም ለሁሉም የሚስማማ ቀን አይገኝለትም። ዘሩ ውጭ ሁለት ሳምንት ቢጠብቅ የሚያገኘውን ጥቅም መሬት ውስጥ ሆኖ አያገኘውም፤ በዚህ ላይ አፈር ውስጥ ያለውን በሽታና ተባይ ይጋፈጣል።

እንቅልፉን ለማሳጠር የሚሠራባቸው መንገዶች አሉ። አንዱ ዘሩን ሞቅ ባለና ጨለማ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በጭድ ሸፍኖ፣ ጎንቁሉ ብቅ እስኪል ማቆየትና ወዲያውኑ ብርሃን ወዳለበት ማውጣት ነው። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ገልጦ ማየት የግድ ነው፤ ከተዘነጋ ጎንቁሉ ነጭና ረጅም ክር ይሆናል፣ የበሰበሰውም ጤነኛውን ይበክላል። ጂብሬሊክ አሲድ የተባለውን ንጥረ ነገር በውሃ በጥብጦ ዘሩን መንከርም ይሠራል፤ መጠኑ ሲበዛ ቀጫጭን ተክል ስለሚያበቅል ግን ያለ ባለሙያ ምክር ባይሞከር ይመረጣል።

ለመትከል የደረሰ ጎንቁል ምን ይመስላል?

ርዝመቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ወፍራም፣ ቀለሙ እንደ ዝርያው አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ፣ በጣት ሲነኩት የማይሰበር ነው፤ ከግርጌው ደግሞ ሥር ሊሆኑ የተዘጋጁ ትናንሽ እብጠቶች ይታያሉ። በአንድ ድንች ላይ እንዲህ ያሉ ሦስትና አራት ጎንቁሎች ካሉ ብዙ ግንድ ስለሚያወጣ ምርቱ ጥሩ ይሆናል። በጫፉ ላይ አንድ ጎንቁል ብቻ ካለ ዘሩ ገና ወጣት ነው፤ ያንን አንዱን ቀንጥሶ ሌሎቹ ዓይኖች እስኪነቁ ሁለት ሳምንት ገደማ መጠበቅ ይቻላል። የዘሩ መጠን የዶሮ እንቁላል የሚያህል ቢሆን ይበቃል።

ይህን ዓይነት ጎንቁል የሚያወጣው ብርሃን የሚያስገባ፣ ቀጥተኛ ፀሐይና ዝናብ ግን የማያስገባ የዘር ማስቀመጫ ነው። ከእንጨትና ከቀርከሃ የሚሠራው ባለ መደርደሪያ ቤት፣ ድንቹ በየመደርደሪያው ከሁለትና ከሦስት ድርብ ሳይበልጥ የሚዘረጋበት፣ በብዙ ድንች አምራች ወረዳዎች ይታያል። ዋና ጥቅሙ ተከላውን ከዝናቡ ጋር ለማስማማት ጊዜ መስጠቱ ነው፤ በብርሃን የቆየ ጎንቁል በዝግታ ስለሚያድግ ዝናቡ ሦስት ሳምንት ቢዘገይ እንኳ ዘሩ ብዙም አይጎዳም። በማዳበሪያ ወይም በጆንያ ታስሮ ከአልጋ ሥር የከረመ ዘር ግን ይህን ዕድል አይሰጥም።

በተቃራኒውስ? ዘሩ ጎንቁሎ ዝናቡ ቢቀርብኝ?

ከማስቀመጫው ሳያወጡ ይጠብቁ፤ ክምሩን ያሳሱ፣ የበለጠ ብርሃንና ነፋስ እንዲያገኝ ያድርጉ። ጎንቁሉ ከ4 እና ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ረዝሞ በመጓጓዝ የሚሰበር ከሆነ አንድ ጊዜ ቀንጥሶ አዲስ እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል፤ በየጊዜው መቀነጣጠስ ግን ዘሩን ያደክመዋል። ድንቹ ተጨማዶ ፀጉር የሚመስሉ ቀጫጭን ጎንቁሎች ካወጣ ወይም ገና ሳይተከል በጎንቁሉ ላይ ትናንሽ ድንቾች ከቋጠረ አርጅቷል፤ ዝናቡ ቢመጣም አይትከሉት።

በደረቅ መሬት ቀድሞ ተክሎ ዝናቡን መጠበቅ ይቻላል?

በቀዝቃዛው ደጋ፣ ዘሩ ሙሉና ጠንካራ ከሆነ፣ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ጠለቅ ተደርጎ ከተሸፈነና ዝናቡ በቀናት ውስጥ የሚጠበቅ ከሆነ ይቻላል። በወይና ደጋ የየካቲት ፀሐይ የላይኛውን አፈር ስለሚያግለው ዘሩ ውሃውን አጥቶ ይጨማደዳል፤ ካፊያ ሲነካው ደግሞ ይበሰብሳል። በእኔ ግምት ጥቅሙ ከአደጋው የሚበልጠው መሬቱ ሰፊ ሆኖ የበሬና የሰው ጉልበት ለሚያጥረው ብቻ ነው።

ውርጭ ለሚያሰጋው አካባቢ ቀኑ ይለያል?

አዎ። ከ2,500 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ እንዳለው ባለ ሜዳማና ረባዳ መሬት በተለይ፣ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ አልፎ አልፎም ወደ የካቲት ይሻገራል። እዚህ ላይ መቁጠር የሚያስፈልገው የሚተከልበትን ሳይሆን ቅጠሉ ከመሬት የሚወጣበትን ቀን ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ እስካለ ድረስ ውርጭ አያገኘውም፤ በሚገባ የጎነቆለ ዘር ደግሞ ለመብቀል ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል፣ በብርቱ ብርድ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በአካባቢው የመጨረሻው ብርቱ ውርጭ ብዙ ጊዜ እስከ ጥር መጨረሻ የሚታይ ከሆነ ጥር 20 ላይ የተተከለ ድንች ቅጠሉን የሚያወጣው የካቲት 10 ገደማ ስለሆነ ሊያመልጥ ይችላል።

ውርጭ የመታው ቡቃያ ጠቁሮ ቢታይም ወዲያውኑ መገልበጥ አያስፈልግም። ከአፈር በታች ያለው ግንድ ካልተነካ አዲስ ቅጠል ያወጣል፤ ዋጋው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት መዘግየት ነው። ያው መሬት ተዳፋት ክፍል ካለው ቀድሞ የሚተከለውን በተዳፋቱ ላይ፣ ረባዳውን ደግሞ ወደ ኋላ ማድረግ ይመከራል፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ወርዶ የሚተኛው ረባዳው ላይ ነው።

በዝቅተኛው ወይና ደጋ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ድንች በደንብ የሚቋጥረው የአፈሩ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ነው፤ ወደ 30 ሲጠጋ መቋጠሩን ያቆማል። መጋቢትና ሚያዝያ በብዙ አካባቢ ሙቀቱ የሚያይልባቸው ወራት ስለሆኑ ከ1,800 ሜትር በታች በበልግ መትከል ቅጠሉ የለመለመ፣ ከሥሩ ግን ብዙም የማይገኝበት ማሳ ሊያስከትል ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ቀዝቀዝ በሚሉት የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት በመስኖ ማልማት ይሻላል።

ክረምት አስተማማኝ ዝናብ እያለው በበልግ ለምን እቸገራለሁ?

ምክንያቱ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት የቅጠል በሽታ ነው። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ አየር ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ በሽታው በፍጥነት ይዛመታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ በሳምንትና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሉ ማሳ ሊያቃጥል ይችላል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የነባር ዝርያዎችን የሚያለሙ ብዙ አርሶ አደሮች ድንቹን ከክረምት አውጥተው ወደ በልግና ወደ መስኖ የወሰዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ፣ ጉዳኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች፣ በ2002፣ በ2006 እና በ2009 እ.ኤ.አ. በቅደም ተከተል የተለቀቁት፣ በሽታውን በተሻለ ሁኔታ ስለተቋቋሙ የክረምት ድንች እንደገና እንዲስፋፋ አግዘዋል። ነገር ግን በሽታው ራሱን ስለሚለዋውጥ የአንድ ዝርያ የመቋቋም አቅም በዓመታት ውስጥ ሊዳከም ይችላል።

ለበልግ ተካይ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ድንቹ ከሰኔ አጋማሽ በፊት ከደረሰ ከበሽታው ብርቱ ጊዜ ያመልጣል፣ ለኬሚካል የሚወጣውም ገንዘብ ይቀንሳል። በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ የሚተከል ከሆነ ግን መከላከያ ርጭቱን ከወዲሁ በወጪው ውስጥ ማስገባት ይገባል። የበልግ ድንች ሌላም ሙያ አለው፤ የዓመቱ እህል ተሟጦ አዲሱ ሳይደርስ ባለው የሰኔና የሐምሌ ችግር ላይ ለቤት የሚደርሰው እሱ ነው።

ከድንቹ በኋላ ጤፍ ወይም ስንዴ መዝራት እፈልጋለሁ፤ ይደርስልኛል?

ከየካቲት አጋማሽ በፊት ከተከሉ አዎ። ማሳው በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንታት ከለቀቀ ለሐምሌ ጤፍ ጊዜው ይበቃል፤ ድንች የተቆፈረበት መሬት አፈሩ የላላ፣ ከማዳበሪያውም የተረፈ ያለው ስለሆነ ለሚከተለው ሰብል ይመቻል። ሲቆፈር የቀሩ ድንቾች በጤፉ መካከል ስለሚበቅሉ ተለቅመው ይውጡ፤ በሽታን ወደሚቀጥለው ዓመት የሚያሻግሩት እነርሱ ናቸው። በዚያው መሬት ላይ በተከታታይ ድንች፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ መትከል የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታን ስለሚያጠነክር ቀኑ ምን ቢመች አይመከርም።

የሚቲዎሮሎጂ ትንበያን ምን ያህል ልመነው?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግ ወቅት ትንበያ የሚያወጣው ወቅቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ነው፤ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በአካባቢ ከፍሎ ያሳያል። ይህ ምን ያህል መሬት በድንች መሸፈን እንዳለበት ለመወሰን ጥሩ ነው፤ በየትኛው ቀን እንደሚተከል ግን አይነግርም። ለቀኑ የሚጠቅመው የአሥር ቀኑ ትንበያ ነው። ከመደበኛ በታች የተባለ በልግ ከሆነ ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ መምረጥና ውሃ ሊጠለፍበት በሚችል ጠርዝ ላይ መትከል ተገቢ ነው።

በበኩሌ ትንበያውን ከሰሙ በኋላ መሬቱን መቆፈርን የሚተካ ነገር አላየሁም። የወረዳው ትንበያ ለሸንተረሩ ግራና ቀኝ አንድ ነው፤ ዝናቡ ግን አንዱን ጎን መትቶ ሌላውን ሊዘል ይችላል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ልትከል ወይስ ልከፋፍለው?

ዘር የድንች እርሻ ትልቁ ወጪ ነው። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተራርቆ ሲተከል ለአንድ ሄክታር ከ18 እስከ 20 ኩንታል ዘር ያስፈልጋል፤ ሩብ ሄክታር ለሆነች አንዲት ጥማድ እስከ 5 ኩንታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ የዝናብ ግምት ላይ መጣል ከባድ ስለሆነ ከአንድ ጥማድ በላይ የሚተክል ሰው ከ10 እስከ 15 ቀናት ልዩነት በሁለት ዙር ቢተክል ይሻለዋል። ጉልበትም ይከፋፈላል፣ ገበያም እንዲሁ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ቀድሞ የተተከለው ማሳ በበሽታ ከተያዘ አጠገቡ ያለውን ለጋ ማሳ ስለሚበክል ሁለቱ ዙሮች ጎን ለጎን ባይሆኑ ይመረጣል። ለጓሮ ተካይ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ድንቹን ለጾም ገበያ ማድረስ እፈልጋለሁ። በልግ ይሆነኛል?

ለዐቢይ ጾም አይሆንም። ዐቢይ ጾም የሚገባው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን ለዚያ ገበያ የሚደርሰው በጥቅምትና በኅዳር በመስኖ የተተከለ ነው፤ ለምሳሌ ጥቅምት 20 የተተከለና 110 ቀን የሚፈልግ ድንች የካቲት 10 ይደርሳል። ውርጭ የሚያሰጋው ደጋ በዚህ ውድድር ውስጥ ባይገባ ይሻላል። የበልግ ድንች የሚያገኘው እስከ ሐምሌ 4 የሚዘልቀውን የሐዋርያትን ጾም ነው፤ ከፊሉን በብርሃን ሳይሆን በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ማቆየት የቻለ ደግሞ የነሐሴን የፍልሰታ ጾም ሊደርስበት ይችላል። ለምግብ የሚሸጥ ድንች ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ሆኖ ይመርራል፣ ለጤናም አይበጅም፤ ስለዚህ ከዘሩ ጋር አብሮ አይቀመጥም።

የምኖረው ውጭ አገር ነው፤ በጓሮዬ ድንች መትከል ብፈልግስ?

እዚያ ቀኑን የሚወስነው ዝናብ ሳይሆን የአፈሩ ሙቀት ነው፤ አፈሩ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስና ውሃው ሲጠልል ይተከላል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው በፈረንጆቹ ማርች አጋማሽና ኤፕሪል አጋማሽ መካከል፣ በሚኒሶታ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ፣ በጀርመን በአብዛኛው በኤፕሪል ነው። በእስራኤል የጸደዩ ድንች የሚተከለው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ሲሆን በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ጸደይን ትቶ በኦክቶበርና በኖቬምበር መጀመር ያስፈልጋል። ከሱቅ የሚገዛ የምግብ ድንች እንዳይጎነቁል በኬሚካል የታከመ ሊሆን ስለሚችል ለዘር ተብሎ የሚሸጠውን ይግዙ፤ ከመትከልዎ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት አስቀድመውም በእንቁላል ካርቶን ደርድረው ብርሃን በሚገባበት ቀዝቀዝ ያለ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት።

ዘግይቻለሁ፤ የበልግ ተከላ መቼ ነው ተስፋ የሚቆረጥበት?

መጋቢት 15 ካለፈ በኋላ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ ሳምንት ጥሩ ምክንያት ሊኖር ይገባል። ዘሩ በሚገባ የጎነቆለ፣ ዝርያው በ90 ቀን ገደማ የሚደርስ፣ ማሳው ውሃ የማያቁር፣ የመርጫ ገንዘብም የተዘጋጀ ከሆነ እስከ መጋቢት መጨረሻ መግፋት ይቻላል። ከእነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ ዘሩን ብርሃን በሚያስገባው ማስቀመጫ ውስጥ አቆይቶ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ለክረምቱ መትከል ይመረጣል፤ ጎንቁሉ እስከዚያ የማይቆይ ከሆነ ደግሞ ለጎረቤት መስኖ ተጠቃሚ መሸጥ ወይም በውሃ ሊደገፍ በሚችለው በጓሮ ክፍል ብቻ መትከል ይሻላል። በዚያ ዓመት ማሳው ላይ ሽንብራ ወይም ገብስ ቢውል ለድንቹም መሬት የማሳረፊያ ዓመት ይሆናል።